«መድኃኒቱ ተገኘ» የሚል ዜና ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ምን ታያላችሁ?

ሐምራዊ ብዕር (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት አንድ ነገር ሲከነክነኝ ስለቆየ ነው።

የሕክምና ዜና በፌስቡክም በቴሌግራምም በቲክቶክም ይጎርፋል። ከጦርነቱና ከምርጫው ወሬ መሃል ብቅ ይልና «ሳይንቲስቶች የካንሰርን መድኃኒት አገኙ» ይላል። ወዲያው ሼር በሼር ይሆናል። ብዙ ሰው ሐሰተኛ ወሬ ሲባል ከባዶ የተፈጠረ ነገር ብቻ ይመስለዋል። እንደዚያ ዓይነቱ ብዙ አያስቸግርም፤ ትንሽ ሲፈትሹት ይጋለጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ጥናቱ እውነት ነው፣ ተመራማሪዎቹም በእርግጥ አሉ፣ ግን ዜናው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ዋናው ነገር መንገድ ላይ ይቀራል።

ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠውን ሌናካፓቪር የተባለ መርፌ እንውሰድ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በጁን 2024 ከደቡብ አፍሪካና ከዩጋንዳ የአንድ ትልቅ ሙከራ ውጤት ይፋ ሆነ። መርፌውን በየስድስት ወሩ እንዲወስዱ ከተመደቡት 2,134 ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች መካከል አንዷም በኤችአይቪ አልተያዘችም። ይህ ታላቅ ዜና ነው። ሳነበው ደስታዬን አልቻልኩትም። ወዲያው ግን «የኤችአይቪ ክትባት ተገኘ»፣ «ኤችአይቪ መድኃኒት ተገኘለት፣ ከእንግዲህ ይድናል» የሚሉ ፖስቶች ተከተሉ። መርፌው ክትባት አይደለም። መከላከያ መድኃኒት ነው፤ የሚሠራው ሰውነት ውስጥ በበቂ መጠን እስካለ ድረስ ነው። ጊዜው ደርሶ ካልተደገመ መከላከሉም ያበቃል። ቫይረሱ ያለበትን ሰው ደግሞ አይፈውስም። «ይድናል» የሚለውን አምኖ በየቀኑ የሚውጠውን ክኒን የሚያቆም አንድ ሰው ቢገኝስ? ቫይረሱ ተመልሶ ይነሣበታል።

እኔ እንዲህ ያለ ዜና ሲደርሰኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «በማን ላይ ተሞከረ?» የሚል ነው። እናንተስ ምን ታያላችሁ?

ድንገቴ

እኔ ቶሎ ብዬ ኮሜንቱን ነው የማየው። አንድ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ችግሩ ከላይ የሚወጣው የሚያውቀው ሳይሆን ጮክ ብሎ የጻፈው መሆኑ ነው።

ፒፔት

ሐምራዊ ብዕር፣ ጥያቄሽ ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው ያረፈው። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ ከእኛ በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

የካንሰር ሕዋስን በላብራቶሪ ሳህን ላይ መግደል ከባድ አይደለም። በረኪናም ይገድለዋል። ከባዱ ሰውየውን ሳይጎዱ ሕዋሱን ብቻ መርጦ መግደል ነው። «ይህ ንጥረ ነገር የካንሰር ሕዋስን አጠፋ» የሚል ስታዩ፣ ሕዋሱ የነበረው ሰው ውስጥ ነው ወይስ ሳህን ላይ? ከሳህን ወደ አይጥ፣ ከአይጥ ወደ ጥቂት ሰዎች፣ ከጥቂት ሰዎች ወደ ሺዎች ማለፍ አለበት። አብዛኛው ሐሳብ በየደረጃው ይወድቃል። በሰው ላይ መሞከር ከጀመሩት መድኃኒቶች እንኳ ፈቃድ የሚያገኙት ከአሥሩ አንድ ገደማ ናቸው።

ስለዚሁ ጉዳይ በ2003 የወጣ አንድ ጥናት ከአእምሮዬ አይጠፋም። ከ1979 እስከ 1983 በታላላቅ የሳይንስ መጽሔቶች የወጡና «ለሕክምና ትልቅ ተስፋ አላቸው» የተባሉ 101 ግኝቶችን ተከታተሉ። ሃያ ዓመት ገደማ አልፎም ፈቃድ አግኝተው ለሕክምና የዋሉት 5 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ጥናቶች ውሸት ነበሩ ማለት አይደለም። ሥራው እንዲህ ስለሚከብድ ነው።

ኢቨርሜክቲንን ታስታውሳላችሁ? መድኃኒቱ ራሱ ድንቅ ነው። ኦንኮሰርኪያሲስ የሚባለውን ዓይን የሚያጠፋ በሽታ በመዋጋት ሚሊዮኖችን ታድጓል፤ ለዚህም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶበታል። በኤፕሪል 2020 አውስትራሊያ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች የኮሮና ቫይረስን ሳህን ላይ ባሉ ሕዋሳት ውስጥ በ48 ሰዓት እንዳዳከመ አሳተሙ። ሥራቸው እውነተኛ ነበር። የተጠቀሙበት መጠን ግን ሰው በተለመደው ክኒን ደሙ ውስጥ ከሚያገኘው እጅግ የበዛ ነበር። ማኅበራዊ ሚዲያው ይህችን ጥሎ «48 ሰዓት» የሚለውን ብቻ ይዞ ሮጠ። በኋላ ብራዚል ውስጥ 1,358 ሕመምተኞች በእጣ ተከፍለው ተሞከረ። ውጤቱ በ2022 ሲወጣ ሆስፒታል ከመተኛት እንዳላዳናቸው ታየ።

ቀጥተኛ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ከዚህ ውይይት ጋር አልስማማም። ሁላችሁም ሼር የሚያደርገውን ሰው ነው የምትወቅሱት። ሳይንቲስቶቹስ? ዛሬ አንዱን ይላሉ፣ ነገ ይክዱታል። ለሴቶች ካረጡ በኋላ ሆርሞን ውሰዱ ተባለ። ከዚያ ካንሰር ያመጣል ተባለ። አሁን ደግሞ ለአንዳንዶች ጥሩ ነው እየተባለ ነው። ተራው ሰው ማንን ይመን? ቢደናገር አይፈረድበትም።

ቁጥር ወዳድ

ቀጥተኛ፣ ያነሣኸው ተገቢ ነው፤ በደንብ መመለስም አለበት። ሙያዬ ስታቲስቲክስ ነውና ትንሽ ረዘም ላድርገው።

የሆርሞኑን ጉዳይ እንየው። በ2002 አሜሪካ ውስጥ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ሆርሞን የወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር በ26 በመቶ ጨምሮ ነበር። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተራገበ። ብዙ ሴቶች በድንጋጤ መድኃኒታቸውን ጣሉ። 26 በመቶ የሚለውን ስትሰማ ከአራት ሴቶች አንዷ ካንሰር የሚይዛት ሊመስልህ ይችላል። በሰው ብዛት ሲታይ ግን በዓመት ከ10,000 ሴቶች 30 ይያዙ የነበሩት ወደ 38 ከፍ አሉ። ስምንት ሰው ጨመረ ማለት ነው። ስምንት ሰው ቀላል አይደለም፤ እያንዳንዷ የሰው ልጅ ናት። ግን አንዲት ሴት ለራሷ ስትወስን የሚያስፈልጋት 26 ሳይሆን ይህ ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜ ነው። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። ብዙ ሴቶች ሆርሞን የሚጠይቁት ግን ገና ወር አበባቸው ሲቆም፣ በ50ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በኋላ መረጃው በዕድሜ ተከፍሎ ሲታይ የሁለቱ ምስል አንድ አልሆነም። እንግዲህ ይህ መካድ ነው? አይመስለኝም። መጀመሪያ «ሴቶችን ይጠቅማል ወይ?» ተብሎ ተጠየቀ። ቀጥሎ «የትኞቹን ሴቶች፣ በስንት ዓመታቸው?» ተባለ። የኋለኛው ጥያቄ የተሻለ ነው።

በቁጥር አቀራረብ ምክንያት የደረሰ ሌላ ጉዳት ልንገራችሁ። በኦክቶበር 1995 የእንግሊዝ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አንዳንድ አዳዲስ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖች የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ ይጨምራሉ ብሎ አስጠነቀቀ። «በእጥፍ» የሚለው ዜና አገሩን አጥለቀለቀው። እጥፍ የሆነው ከ7,000 ሴቶች 1 የነበረው ወደ 2 መድረሱ ነው። ብዙ ሴቶች ግን ክኒኑን በአንድ ጊዜ አቆሙ። በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ከተለመደው በላይ ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ውርጃ እንደተደረገ ተገምቷል። እርግዝና ራሱ ደግሞ የደም መርጋትን አደጋ ከክኒኑ የበለጠ ይጨምራል። ያን ጊዜ ፌስቡክ የለም፣ ቴሌግራም የለም። ቁጥሩም ሐሰት አልነበረም።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። «በዚህን ያህል በመቶ ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ሲባል ከስንት ተነሥቶ?

ድንገቴ

ከ7,000 አንድ ወደ ሁለት! ይህን ማንም አስረድቶኝ አያውቅም ነበር።

የእናቴ ልጅ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ከሌላ በኩል ልናገር።

እናቴ አልዛይመር አለባት። የምንከባከባት እኔና ወንድሜ ነን። ስልኬ ላይ በየጊዜው «የመርሳት በሽታ መድኃኒት ተገኘ» የሚል ይላክልኛል። የሚልኩት ሁሉ የሚወዱን ሰዎች ናቸው። አክስቴ፣ የድሮ ጓደኞቼ፣ የወንድሜ የሥራ ባልደረቦች። ማንም በክፋት አላደረገውም። ግን በላኩ ቁጥር እኔ ሊንኩን ከፍቼ አነባለሁ። ለወንድሜ እደውላለሁ። ሁለታችንም አንተኛም።

በጣም የጎዳኝ ሌካኔማብ የተባለው የአልዛይመር መድኃኒት ወሬ ነው። «በሽታውን በ27 በመቶ ያዘገያል» ይል ነበር። እኛ እናታችን ሩብ ያህል የምትመለስልን መሰለን። ስሜን ትጠራለች ብዬ አሰብኩ። በኋላ የነርቭ ሐኪሟ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። መድኃኒቱ የጠፋውን አይመልስም። የተሞከረውም ሕመሙ ገና ሲጀምራቸው በተደረሰባቸው ሰዎች ላይ ነው። እናቴ ያንን ደረጃ ካለፈች ቆይታለች። ሐኪሟ ይህን ስትነግረን ምንም አላጠፋችም። እኛ ግን ሁለተኛ መርዶ የሰማን ያህል ነበር።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የታመመ ሰው ላለበት ቤት ስትልኩ ከመላካችሁ በፊት አንብቡት።

ቁጥር ወዳድ

እህቴ፣ አይዞሽ። እናትሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ። ሐኪሟ የነገረቻችሁ ትክክል ነው። ለሌሎች አንባቢዎች ቁጥሩን ልጨምር። ሙከራው 1,795 ሰዎች ላይ ለ18 ወራት ተደርጓል። የበሽታው መክፋት ከዜሮ እስከ 18 ነጥብ ባለው መለኪያ ይለካል። ማስመሰያ መድኃኒት የወሰዱት በ1.66 ነጥብ ተባባሰባቸው። እውነተኛውን የወሰዱት በ1.21። ልዩነቱ 0.45 ነው፤ 27 በመቶው የተገኘው ከዚህ ነው። መድኃኒቱን ከወሰዱት 12.6 በመቶው ላይ ደግሞ በኤምአርአይ ምርመራ የአንጎል እብጠት ታይቷል። ለአንዳንድ ቤተሰብ ያቺ ትንሽ መዘግየት ዋጋ አላት፤ ይህን አልክድም። ግን ሁለቱን ጎን አይተው ነው መወሰን ያለባቸው።

ተስፋ አለኝ

የእናቴ ልጅ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል። እኔ ግን የሼር ነገር ሁሉ እንዲህ ሲኮነን ዝም ማለት አልችልም።

ባይጻፍ፣ ባይላክ፣ ሰው ከየት ይሰማል? ሁሉም ሰው ልዩ ሐኪም አጠገቡ የለም። ሲክል ሴል የተባለው በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም ያለበት ልጅ ያላትን እናት አስቡ። በኖቬምበር 2023 እንግሊዝ ለዚህ በሽታ በጂን ማስተካከያ የሚሠራ ሕክምና ፈቀደች፤ በዓለም የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በሜይ 2025 ፊላደልፊያ ውስጥ ለአንድ ጨቅላ ሕፃን ብቻ ተብሎ የተሠራ የጂን ሕክምና እንደተሰጠው ታተመ። ሕፃኑ ጉበቱ አሞኒያን ማስወገድ በማይችልበት ብርቅ በሽታ የተወለደ ነው። መድኃኒቱ ስድስት ወር ገደማ ውስጥ ተዘጋጅቶ ደረሰለት። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። እንዲህ ያለውን ዜና ለሰው ማካፈል ምን ጥፋት አለው? ተስፋም ያስፈልጋል።

ሐምራዊ ብዕር

ተስፋ አለኝ፣ ጥፋት የለውም። እኔም ያንን ዜና ለሰው ልኬዋለሁ። የምልከው ግን ከነሙሉው ነው። «ለአንድ ሕፃን ለብቻው የተሠራ ነው። ተሻለው እንጂ ሙሉ በሙሉ ድኗል አልተባለም። ገና ለዓመታት ይከታተሉታል።» ከዚህ በኋላም ዜናው ያው ድንቅ ነው። የሲክል ሴሉም እንደዚያው። ከታማሚው መቅኒ የሚመነጩ ሕዋሳት ይወሰዳሉ፣ ውጭ ይስተካከላሉ፣ ከዚያ ነባሩ መቅኒ በከባድ ኬሞቴራፒ ይጸዳና የተስተካከሉት ሕዋሳት ይመለሱለታል። የአሜሪካው ዋጋ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ያቺ እናት ይህንንም ማወቅ አለባት።

ሼር አታድርጉ አላልኩም። በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣውን ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ልጥቀስ። ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተሰራጩ ወደ 126,000 ወሬዎችን ተከታተሉ። ሐሰተኛው ከእውነተኛው ይልቅ በሰው የመጋራት ዕድሉ 70 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። እውነተኛው 1,500 ሰው ዘንድ ለመድረስ ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈጅበታል። ያፈጠነውም በዋናነት ሮቦት ሳይሆን ሰው ነው። አዲስና የሚያስገርም ነገር ስለምንወድ።

ፒፔት

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀጥተኛ ያለውን ስለሚደግፍ። ማጋነኑ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሼር አድራጊው አይደለም። በ2014 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት ከ20 የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ 462 የዜና መግለጫዎችን መረመረ። በእንስሳት ላይ ስለተደረጉ ጥናቶች ከወጡት መግለጫዎች ውጤቱን በሰው ላይ የተገኘ አስመስለው ያጋነኑት 36 በመቶ ናቸው። መግለጫው ሲያጋንን ጋዜጣውም ያጋንናል። መግለጫው ልኩን ሲይዝ ጋዜጣውም አብዛኛውን ጊዜ ልኩን ይይዛል። የእኛ ሙያ ሰዎች ለዚህ ተጠያቂ ነን ብዬ አምናለሁ። ዝናም የምርምር ገንዘብም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው።

የማታ ተረኛ

ፋርማሲስት ነኝ። የጁን 2020ን ነገር ላንሣላችሁ።

ዴክሳሜታሶን የኮሮና ሕመምተኞችን ሞት እንደሚቀንስ እንግሊዝ ውስጥ የተደረገው ሪከቨሪ የተባለ ሙከራ ይፋ አደረገ። ቀኑ ጁን 16 ነበር። ወዲያው ሰው ወደ መድኃኒት ቤት ጎረፈ። «ለማንኛውም ቤት ይኑረኝ» እያለ። አንዳንዱ ገና ሳይታመም ሊጀምረው ይፈልግ ነበር። ዜናው ላይ ግን በግልጽ ተጽፏል። የጠቀመው ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸውና በመተንፈሻ ማሽን ላይ ላሉት ነው። ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው ጥቅም አልታየም። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ያለ ቦታው ሲወሰድ ሊጎዳ ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ ቢወስደው ስኳሩ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ይህን እያስረዳን ነው ያመሸነው። ስክሪንሾቱ ላይ «ሞትን በሲሶ ይቀንሳል» የሚለው ብቻ ቀርቶ ነበር።

ቀጥተኛ

የማታ ተረኛ፣ ይህ እኮ ገና ያልታተመ ውጤት ነበር አይደል? በመግለጫ ብቻ ነው የወጣው። «በሌሎች ባለሙያዎች ያልታየ ነገር አትመኑ» ትሉናላችሁ። ያን ጊዜ ግን ራሳችሁ አመናችሁት።

ፒፔት

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ፤ እኔም ብዙ ያሰብኩበት ነው። በዚያው ወቅት የሆነውን ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጠህ እይ።

ሜይ 22 ላይ ላንሴት፣ ከዓለም ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች አንዱ፣ ለኮሮና ይሞከር ስለነበረው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ስለተባለ መድኃኒት አንድ ጥናት አወጣ። ከ671 ሆስፒታሎች የመጡ 96,032 ሕመምተኞችን ያካተተ ነው ተባለ። መድኃኒቱ ሞትን ይጨምራል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀናት ውስጥ በዚያ መድኃኒት ላይ ያደርግ የነበረውን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። ይህ በባለሙያዎች ታይቶ የታተመ ጽሑፍ ነው። ግን መረጃውን ሰብስቤያለሁ ያለው ሰርጂስፌር የተባለ ኩባንያ ጥሬ መረጃውን ለገለልተኛ ኦዲተሮች አላሳይም አለ። ውጭ ያሉ ተመራማሪዎች ቁጥሮቹ አይገናኙም ብለው ጮኹ። ጁን 4 ላይ ጽሑፉ ተሰረዘ። ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም።

የዴክሳሜታሶኑ ደግሞ መጀመሪያ የወጣው በመግለጫ ነው። ያም ሆኖ ጸና። ለምን? አሠራሩ የታወቀ ነበር። ሙከራው አስቀድሞ ተመዝግቧል። 2,104 ሰዎች በእጣ መድኃኒቱን ወሰዱ፣ 4,321 በተለመደው ሕክምና ብቻ ቀጠሉ። የሞተው ተቆጠረ። ሙሉ ጽሑፉም በሳምንት ውስጥ በቅድመ ህትመት፣ ማለትም መጽሔት ላይ ከመታተሙ በፊት ለሁሉም ክፍት ሆኖ፣ ወጣ፤ ማንም ሊመረምረው ይችል ነበር።

እንግዲህ የመጽሔቱ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። መግለጫ ነውና ውሸት ነውም አይባልም። የሚታየው አሠራሩ ነው። ማን ከማን ጋር ተወዳደረ? በእጣ ነው ወይስ ሐኪም ለመረጠው ሰው ነው የተሰጠው? መረጃውን ሌላ ሰው ማየት ይችላል?

ቀጥተኛ

እሺ፣ ይህ ይገባኛል። ግን ላንሴት ከተሳሳተ ለእኔ ለተራው ሰው ምን ይቀራል?

ጡረተኛዋ ነርስ

ልጄ፣ ላንሴት ከዚያም በፊት ተሳስቷል፤ የዚያኛው ዋጋ ደግሞ ከባድ ነበር። እኔ ሕይወቴን ሙሉ ከሕፃናት ጋር የኖርኩ ነርስ ነኝ።

በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ስለ 12 ልጆች ጻፈ። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ከኦቲዝም ጋር ሳይያያዝ አይቀርም የሚል ፍርሃት ዘራ። አሥራ ሁለት ልጆች! ማወዳደሪያ ቡድን እንኳ የለም። በኋላ ልጆቹ ተመርጠው እንደገቡና መረጃው እንደተጣመመ ታወቀ። ላንሴት ጽሑፉን የሰረዘው በ2010 ነው። ሰውየውም በዚያው ዓመት የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጠቀ። ዴንማርክ ውስጥ ደግሞ 657,461 ልጆችን ተከታትለው በ2019 ውጤቱን አወጡ። ክትባቱ የኦቲዝምን አደጋ አልጨመረም።

ይኸው ወሬው እስከ ዛሬ ይዞራል። ፖስቱን ባየሁ ቁጥር ኩፍኝ ይዟቸው ያስታመምኳቸው ልጆች ፊቴ ላይ ይመጣሉ። ትንፋሽ ያጠራቸው። ዓይናቸው የጠፋ። ለጥቂቶቹ ያዘነ አንጀት እንጂ የምንሰጣቸው ምንም አልነበረንም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። የሰርጂስፌሩ በሁለት ሳምንት ታረመ። የዌክፊልዱ 12 ዓመት ፈጀ። ስህተቱን ያወጡት ሁለቱንም ጊዜ መረጃውን አሳዩን ያሉ ሰዎች ናቸው። ለተራው ሰው የሚቀረው ይህ ነው። ስንት ሰው ላይ? ከማን ጋር ተወዳድሮ? ሌላ ሰው ደግሞት ያንኑ አገኘ ወይ?

ሐምራዊ ብዕር

እትዬ፣ ስለጻፉልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ከእርስዎ መስማታችን ትልቅ ነገር ነው።

ድንገቴ

አንድ ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ የምርምር ጽሑፍ ማንበብ አልችልም። ስክሪንሾት ሲደርሰኝ በምን ላጣራ?

የማታ ተረኛ

ሙሉውን ማንበብ አያስፈልግህም። መጀመሪያ ሊንክ ጠይቅ። ሊንክ የሌለው ስክሪንሾት ከሆነ እዚያው ላይ አቁመው። ሊንክ ካለ ወደ ጥናቱ ማጠቃለያ ግባ፤ ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጥናቶች ማውጫ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። በስልክህ አስተርጉመው። ትርጉሙ ሸካራ ቢሆንም «አይጥ» የሚለው አይጠፋብህም። የተሳታፊዎቹ ቁጥርም አይጠፋብህም። በሰው ላይ የተደረገ ሙከራ ከሆነ ማጠቃለያው ላይ የምዝገባ ቁጥር ይኖራል፤ በዚያ ቁጥር ሙከራውን ፈልገህ ማን እንደሚያካሂደውና ማለቁን አለማለቁን ማየት ይቻላል። በአንድ ርዕስ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ኮክሬን የሚባል ተቋም አለ። ለተራ አንባቢ የሚሆን አጭር ማጠቃለያም ያወጣል። እኔ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የምጀምረው።

እሱም ካልሆነልህ የምታውቀውን ፋርማሲስት ወይም ነርስ ጠይቅ። እውነቴን ነው የምልህ፣ መድኃኒት አቁሞ ከመጣ ሰው ይልቅ ሳያቆም የሚጠይቅ ሰው ቢያቋርጠኝ እመርጣለሁ።

የእናቴ ልጅ

እኔ ከዚህ ክር በኋላ የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ጻፍኩ። ስለ እናታችን ሕመም ዜና የሚልክ ሰው ሁለት ነገር አብሮ ይጻፍልን አልኩ። በሰው ላይ ተሞክሯል ወይ? በየትኛው የሕመሙ ደረጃ ላይ ላሉ ሰዎች? አክስቴ ትቆጣ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ወዲያው ደወለችልኝ። «እኔ እኮ ምን እንደምልክላችሁ ግራ ገብቶኝ ነው እንጂ» አለችኝ። ከዚያ ስለ ዜና ምንም ሳናነሣ ስለ እናቴ ብቻ ስናወራ ቆየን።

ተስፋ አለኝ

ይህ በጣም ደስ ይላል። እኔም ከእንግዲህ ዜና በምልክበት ጊዜ እነዚህን ሁለቱን እጨምራለሁ። መላኬን ግን አላቆምም።

ቀጥተኛ

እሺ፣ ታዲያ እኔን የመጣብኝን አንድ ዜና እንፈትሽ። «ሴማግሉታይድ የተባለው የክብደት መቀነሻ መርፌ የልብ ሕመምና ስትሮክን በ20 በመቶ ይቀንሳል» ይላል። ክብደቴ ከፍ ያለ ነው። ልቤ ግን ጤነኛ ነው፤ በቅርቡ ተመርምሬያለሁ። ቁጥር ወዳድ፣ ከስንት ተነሥቶ ነው 20 በመቶ የሆነው?

ቁጥር ወዳድ

ጥናቱ ትክክለኛ ነው፤ በ2023 ነው የወጣው። 17,604 ሰዎች በእጣ ተከፍለው ከሦስት ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። በልብና በደም ሥር ምክንያት መሞት፣ የልብ ድንገተኛ ሕመም ወይም ስትሮክ የደረሰባቸው ማስመሰያ ከወሰዱት 8.0 በመቶው፣ መርፌውን ከወሰዱት 6.5 በመቶው ናቸው። ከመቶ ሰው አንድ ተኩል ያህል ተረፈ ማለት ነው። ጥሩ ውጤት ነው።

አንተን የሚመለከትህ ግን ቀጣዩ ነው። ሙከራው ላይ የገቡት ሁሉ ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ ነበር። ሁሉም የልብና የደም ሥር ሕመም አስቀድሞ ያለባቸው ናቸው፤ ስኳር የለባቸውም። ልቡ ጤነኛ የሆነ ሰው በዚያ ሙከራ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ይህ ጥናት ስለ አንተ ልብ በቀጥታ የሚናገረው የለም። ለክብደትህ መርፌውን መውሰድ ወይም አለመውሰድ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ማቅለሽለሹንና ስታቆመው ክብደቱ የመመለሱን ነገር ጨምረህ ከሐኪምህ ጋር ተነጋገርበት። የላከልህ ሰው ደግሞ የልብ ሕመም ካለበት ለእሱ ይጠቅመው ይሆናል። ይህን ንገረው።